ለአቶ በቀለ ለቅሶ፤ ከኮልፌ እስከ ድንበር ማዶ

ከሱዳን ከተመለስን ወዲህ ኮልፌ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እንዴት እንዳመለጥን ነው። ብዙዎቹ ስለ ጥይትና ስለ ጅብ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ጥይት አልተተኮሰብንም፤ ጅብም ድምፁን ሰማሁ እንጂ መልኩን አላየሁም። እኔ ማውራት የምወደው ስለ መንገዱ ነው፤ የት እንዳደርን፣ ምን እንደበላን፣ ማን እንዳስጠጋን። የሰፈሬ ሰው አብዛኛው ከቡራዩ ወዲያ ሄዶ አያውቅም። እኔም ያን ጊዜ ከሆለታ አልፌ አላውቅም ነበር።

አባቴ ኮልፌ አጣና ተራ እንጨት ነጋዴ ነበሩ። ባሕር ዛፍ እየሸተተኝ ስላደግሁ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግድግዳውና ጣራውን ወደ ተሸከመው እንጨት ነው፤ ይሄ ልማድ በዚህ ጽሑፍ ውስጥም ይታያችኋል። ቤተሰባችን ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምንዘምረው። በዚሁ የተነሳ ቀበሌ ታስሬ አውቃለሁ።

ፈቃዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከጎጃም የመጡ ኦርቶዶክሶች ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት እየሄድን ነው የተዋደድነው፤ ሁለቱም ቤት ነገሩን ያውቃል፣ ሁለቱም ቤት እንዳላወቀ ይሆናል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ተላከ። በኋላ ትከሻው ላይ ቆስሎ ለሕክምና አዲስ አበባ መጣ። ሐኪሞቹ ድኗል አሉ፤ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት ቀንም ተቆረጠለት።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አባባ ግቢ ከተቆለለው አጣና ጀርባ አገኘኝና እንደማይመለስ ነገረኝ። ከማዶ ምሽግ ሆኖ የሚያነጋግራቸው አንድ ልጅ ነበር አለኝ፤ አዲስ አበባ የተማረ፣ ጦርነቱ ጋብ ሲል እየጮኸ ስለ ኳስ ውጤት የሚጠይቃቸው። እሱን ለመግደል አልመለስም አለ። ከዚያም፣

«እኔ ልሄድ ነው። አብረሽኝ ብትመጪ እወዳለሁ፤ ባትመጪም አልቀየምሽም» አለኝ።

«በየት በኩል ነው?» አልኩት።

መልሴ ይኸው ነበር። እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ችግሩ በየኬላው ወጣት ወንድ ሁሉ መጠየቁ ነው። መላውን ያገኘው ወንድሜ ዮናስ ነው። ዮናስ በልጅነቱ ታሞ ግራ እግሩ አጭር ሆኖ ስለቀረ ለውትድርና አይፈለግም። መንዲ የሚባል አገር አጎታችን ሞቶ ለለቅሶ እንሄዳለን ብለን ለኔና ለዮናስ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣን፤ ወረቀቱ ፎቶ ስለሌለው በዮናስ ስም የሚሄደው ፈቃዱ ነው። መንዲን የመረጥነው ወደ ድንበሩ በኩል ስሙን የምናውቀው ከተማ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለሟቹም ስም አወጣንለት፤ አቶ በቀለ፣ የቡና ነጋዴ። ዮናስ ሳንሱሲ የምትኖረው አክስታችን ቤት ተደብቆ ይሰነብትና «እኔ ተመለስኩ፣ እህቴ ሐዘንተኞቹን ለማጽናናት ቀረች» ብሎ ብቅ ይላል። እንዳሰበውም ሆነ፤ ማንም አልጠረጠረውም።

ፈቃዱን ማነከስ ያስተማረውም እሱ ነው። ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው ዋለ። ፈቃዱ ፊቱን እየቋጠረ ሲራመድ ዮናስ ሳቁ መጣ።

«አንተ የምታነክሰው እንደታመመ ሰው ነው። እኔን እኮ አያመኝም» አለው።

እናቴ ጥቁር ልብስ ለብሼ ከቤቷ እንዳልወጣ ለመነችኝ። ሌላ መንገድ እንደሌለ ስታውቅ ግን ራሷ አለበሰችኝ፤ ነጠላዬንም እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ አጣፋችልኝ።

የመጀመሪያው ቀን፤ ከኮልፌ እስከ አምቦ

ለአባባ እንጨት የሚያመላልሱት ሾፌር ጋሽ ለማ ጭነታቸውን አራግፈው ወደ አምቦ ሲመለሱ ሊወስዱን ተስማምተው ነበር። ፈቃዱ ማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ የዮናስን መልክ ግን ደህና አድርገው ያውቁታል። ጠዋት ጋቢና ውስጥ ሲያዩት «እንደምን አደርክ ዮናስ» አሉትና ሞተሩን አስነሱ።

አስኮ ኬላ ላይ ፈታሹ ወረቀቱን አንብቦ ፈቃዱን ውረድ አለው። ወረደ፣ አነከሰ። ፈታሹ እግሩን ሲያይ አፈረ መሰለኝ፣ በክንዱ ደግፎ መልሶ አወጣውና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ሸኘን። መኪናው ትንሽ ከሄደ በኋላም ፈቃዱ ወደ ኬላው እየዞረ ያይ ነበር። የኔ ዓይን ግን መስኮቱ ላይ ነበር። ከቡራዩ እስከ ሆለታ ባሕር ዛፍ በግራም በቀኝም ቆሟል። አጣናን የማውቀው ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ተደርድሮ ነው፤ ቅጠል እንዳለውና በነፋስ ወዲያና ወዲህ እንደሚል ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እኛ ግቢ አሥር ዓመት የኖረ እንጨት እንኳ እንደዚያ አይሸትም።

ከጊንጪ ትንሽ ወጣ ብሎ ጎማ ተነፈሰ። ጋሽ ለማ ከመኪናው ሥር ገብተው ሲታገሉ፣ ማሳ ውስጥ የነበሩ ባልና ሚስት መጥተው ምን ሆናችሁ አሉን። ጋሽ ለማ «ሐዘንተኞች ናቸው» ከማለታቸው ሴትየዋ እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ ወደ ቤቷ ሮጣ ትኩስ የባቄላ ቆሎ በሰፌድ አመጣችልን። ኮልፌ ለቅሶ የሚደርሰው የዕድር ሰው ነው፤ ያልመጣ ይቀጣል። እዚህ መንገድ ላይ ያገኘችን ሰው ማንም ሳይቆጣጠራት ለማታውቀው አቶ በቀለ አዘነች። 

ጎማ ሲጠግኑ ፈቃዱ ሊያግዛቸው ተነስቶ ነበር፤ ክሪኩን እንደ ጤነኛ ሰው በአንድ እግሩ ሊረግጥ ሲል ጋሽ ለማ ቀና ብለው አዩትና «አንተ አርፈህ ተቀመጥ» አሉት። 

አምቦ ስንደርስ ጋሽ ለማ እትዬ አስካለ የሚባሉ የሚያውቋቸው ሴት ቤርጎ አስገብተውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። መጀመሪያ ያየሁት ውሃውን ነው። እኛ ሰፈር የአምቦ ውሃ ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ከጠርሙስ የሚጠጣው ነገር ነው፤ እዚህ እትዬ አስካለ ከምንጩ ቀድተው በጆግ አቀረቡልን። ምላሴ ላይ ሲንጫጫ ደንግጬ ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ፈቃዱ ከቆሰለ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ክፍል ብቻ ነበር የቀረው። ወንድምና እህት ናቸው ተብሎ አንድ ላይ ሊያስገቡን ሲሉ እኔ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ አስካለ ግን ነገሩን ሐዘን አደረጉት፤ ሐዘንተኛ ሴት ብቻዋን ማልቀስ የለባትም ብለው ወደ ራሳቸው አልጋ ወሰዱኝ። ስለሞተ ወንድማቸው እየነገሩኝ ጸጉሬን ዳበሱኝ። ለአቶ በቀለ እንባ ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር፤ እናቴ ነጠላዬን ስታጣፋልኝ ትዝ ስትለኝ ግን ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ።

ሁለተኛው ቀን፤ ባኮ

ከአምቦ በአውቶቡስ ተሳፈርን። ጉደርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ የምናውቀው ብርድ እየቀረ ሄደ። የኮልፌ ሰው ሹራብ የሚያወልቀው ቀትር ላይ፣ እሱም ከታደለ ነው፤ እዚህ በጠዋቱ አንገቴ በላብ ራሰ። የቤቶቹ ጣራም ሳር ሆነ።

ከጎኔ የተቀመጡት ሴት ጠየም ያሉ፣ ረጅም፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ናቸው። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። አዲስ አበባ ታማሚ እህታቸውን ጠይቀው እየተመለሱ ነበር። ጥቁር ልብሴን አይተው ማን እንደሞተብን ጠየቁኝ። አጎታችን፣ አቶ በቀለ፣ የቡና ነጋዴ አልኳቸው።

«የት አገር?»

«መንዲ።»

አዴ ጫልቱ ልብሴን እንደገና አዩት። «እኔም የመንዲ ሰው ነኝ» አሉና «ነፍስ ይማር» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

 ከኋላችን የተቀመጠው ፈቃዱ ሰምቷል፤ ሲያስል ሰማሁት። አሁን ይጠይቁኛል፣ የየትኛው ሰፈር በቀለ፣ የማን ልጅ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው የወተት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ሐዘንተኛ ካልበላ መንገድ ይጥለዋል አሉ።

ባኮ ላይ አውቶቡሱ ተበላሸና እዚያው እንድናድር ተነገረን። ቤርጎው ሞልቶ ስለነበር ተሳፋሪው በየሰው ቤት ተከፋፈለ። እኛና አዴ ጫልቱ አንድ መምህር ቤት ደረሰን። በቆሎ እሸት ጠብሰው፣ ሸንኮራ ቆርጠው ሰጡን። ግድግዳው በጭቃ ቢመረግም እንጨቱ የማላውቀው ዓይነት ስለነበር ከምርጊቱ በታች ባለው ቀዳዳ እያጎነበስኩ ሳይ የመምህሩ ሚስት ምን ጠፋብሽ አለችኝ።

ወደ ማታ ፈቃዱ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ አሸለበው። የመምህሩ ውሻ ድንገት ሲጮህ ፈንጠር ብሎ ተነሳና ጥቂት እርምጃ ሮጠ፤ ከዚያ ማነከሱን አስታወሰ። ማንም ያላየው መስሎን ነበር።

ሦስተኛው ቀን፤ ነቀምቴ

አውቶቡሱ ተጠግኖ ነቀምቴ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። አዴ ጫልቱ ቤርጎ እንዳንፈልግ ከለከሉን። የአጎታቸው ልጅ ቤት ይዘውን ሄዱ፤ «የመንዲ ለቅሶ ሄጆች ናቸው» ብለው ሲያስተዋውቁን ዓይናቸውን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም።

እዚያ ቤት አንጮቴ የሚባል ነገር በላሁ። ድንች መስሎኝ ነበር። ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተቆራርጦ በቅቤና በሚጥሚጣ ይቀርባል። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ከድንች ይጠነክራል፣ ጣዕሙም ቶሎ አይጠፋም። የቤቱ እመቤት አጥንት የተሰበረ ሰው ይጠግናል አለችና ድርሻዋን ሁሉ ወደ ፈቃዱ ገፋችለት፤ ለእግሩ ብላ ነው። እሱ አንገቱን ደፍቶ በላ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «ለእግሬ ያለችው ለትከሻዬ ይሁንልኝ» አለኝ።

ኮልፌ የምናውቀው ወለጋ የቡናና የማር አገር ነው፤ ስለ ሰዉ ግን ማንም አይነግረንም። እኔ የገረመኝ ዝምታቸው ነው። እኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ከየት መጣህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ስንት ልጅ አለህ ሳይባል ውሃ አይሰጠውም። እዚህ አብልተውን፣ እግራችንን አጥበውን፣ ጥያቄው እስኪመጣ ስጠብቅ ነጋ።

አራተኛው ቀን፤ የዴዴሳ ድልድይ

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ እንደ ክፍት ምድጃ ነው። ወንዙ ሲታየኝ ከአውቶቡሱ መስኮት ተንጠራርቼ አየሁት፤ ቡናማ፣ ሰፊ፣ የማይጮህ ውሃ ነው። እኛ ሰፈር ወንዝ የምንለው በክረምት የሚሞላ ፈሳሽ ነው። ይሄን ሁሉ ውሃ ሳያይ የሚሞት ሰው አለ እያልኩ ስደነቅ አውቶቡሱ ቆመ። ኬላ ነበር።

ወታደሮች ወንዶቹን አውርደው አሰለፉ። አንድ ካኪ የለበሰ ካድሬ ወረቀታችንን ይዞ ፈቃዱ ፊት ቆመ። ሂድ አለው፤ ሄደ። ተመለስ አለው፤ ተመለሰ። ግራ እግሩን በደንብ ነበር የሚጎትተው፣ ልክ እንደ ዮናስ። ካድሬው ግን የሚያየው እግሩን አልነበረም፤ ሲቆም ትከሻውን እንዴት እንደሚያቀና፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ነው። ድንገት፣

«የት ክፍለ ጦር ነበርክ?» አለው።

መልሱንም ሳይጠብቅ ካድሬው እኔን ከአውቶቡሱ አስወረደኝ። የሟቹን ስም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ ወደ አውቶቡሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መንዲ ውስጥ በቀለ የሚባል ቡና ነጋዴ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ አለ።  የፈቃዱን ፊት ማየት አልቻልኩም።

አዴ ጫልቱ ከመቀመጫቸው ተነሱ። በደረጃው ላይ እንዳሉ ነጠላቸውን አወረዱ፣ ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ድምፅ እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ፣ ወንድሜ በቀለ፣ ደጉ በቀለ፣ ማን ገደለብኝ፣ ሳልቀብርህ እያሉ አፈር ላይ ወደቁ። ሌሎቹ ሴቶች ተከትለዋቸው ወረዱ፤ የማያውቁትን ሰው ስም እየጠሩ ያለቅሱ ጀመር። እኔም ሳላውቀው መሐላቸው ነበርኩ። ወታደሮቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ካድሬው ወረቀቱን ለፈቃዱ መለሰለትና በእጁ እንድንሄድ ምልክት ሰጠ።

አዴ ጫልቱ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰም በኋላ አላቆሙም። ለማስመሰል ከሆነ ይበቃ ነበር። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ግሎ ውሃ ሊጨመርለት ስንወርድ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ለብቻቸው ተቀመጡ። ሁለታችንም ሄደን አጠገባቸው ቆምን።  እሳቸው ፈቃዱን ቀና ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ባኮ ላይ የሚያነክሰው ቀኝህ ነበር» አሉት።

ፈቃዱ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ አጎቱም ውሸት እንደሆነ መናገር ስጀምር አቋረጡኝ።

«እሱን አውቃለሁ። መንዲ በቀለ የሚባል ቡና ነጋዴ የለም። ባሌ ነበር ቡና ነጋዴ። ወሰዱት፣ ገደሉት፣ ማልቀስም ተከልክሏል አሉኝ። ነጠላዬን ሳላዘቀዝቅ ስንት ዓመት ኖርኩ። ዛሬ ካድሬው ፊት አለቀስኩለት፤ ወታደሮቹም ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰሙኝ።»

የባላቸውን ስም ጠየቅኳቸው። ኦላና አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሱና፣ ሾፌሩ ጥሎን እንዳይሄድ ቶሎ በሉ አሉን።

መንዲ

ጊምቢ አድረን በማግስቱ መንዲ ገባን። አዴ ጫልቱ ቤታቸው ወሰዱን፤ ለጎረቤት የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ናቸው አሉ። እውነቱን ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስደነገጣቸው፤ ወንድምና እህት አለመሆናችን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ ከሳቸው ጋር፣ ፈቃዱ ማዶ ጎተራው አጠገብ ሆነ። አምቦም መንዲም ሰው ከደግነቱ የተነሳ ለያየን።

ቤታቸውን ሳይ ዋልኩ። ቋሚዎቹ ዋንዛ ናቸው፤ የአንዱ ውፍረት የኛን ሦስት አጣና ያህላል። ባላቸው ኦላና የሠሩት ነው። አጥሩ ግን በአንድ በኩል ወድቆ ነበር። ፈቃዱ ሊያቆምላቸው ተነሳ፤ ጉድጓዱን ሲቆፍር አየሁትና ጥልቀቱ እንደማይበቃ ነገርኩት። ተከራከረኝ። አዴ ጫልቱ በረንዳ ላይ ሆነው ጥል መስሏቸው «ምን ሆናችሁ?» ሲሉ፣ ስለ አጥር መሆኑን ሰምተው ፈገግ አሉ። እንደ ባልና ሚስት ተጣላችሁ አሉን።

እሳቸው በዚያ መሐል ሰው ሲያፈላልጉ ነበር። ሐምዳን የሚባል፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቡና ይገዛቸው የነበረ፣ በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚነግድ የበርታ ሰው አሶሳ ላይ እንደሚጠብቀን አስማሙ። ጨው ጭኖ የሚሄድ መኪናም አገኙልን። ስንሰናበት ጭኮ በቅል አድርገው ሰጡኝ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ ነው፣ ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም። ከተመለስን በኋላ መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው። ስማቸውን ለማንም ሳልናገር መኖሬ ምን ያህል እንደከበደኝ ስነግራቸው፣ ጭኮው እንዴት ነበር አሉኝ።

ከአሶሳ ወዲያ

አሶሳ የቀርከሃ አገር ነው። ቤቱ ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ። አንዱን ቆርጠው ሰጡኝ፤ ውስጡ ባዶ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ልሰብረው ብል አልሰበር አለኝ። አባባ ቢያዩት ብዬ አሰብኩ። ሰው እንዲህ ያለ እንጨት እያለው ለምን በባሕር ዛፍ ትከሻውን ያቆስላል?

ሐምዳን ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረገ፣ አማርኛ ከአፉ በጥቂቱ የሚወጣ ሰው ነበር። ፈቃዱ ከልማድ የተነሳ እያነከሰ ወደ እሱ ሲሄድ አየውና አንድም ሳይጠይቅ የአህያውን ጭነት ግማሹን አውርዶ ራሱ ተሸከመ፤ ፈቃዱን አህያ ላይ አወጣው። ፈቃዱ ጤነኛ ነኝ ቢለው በትህትና የተናገረ መሰለው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ፈቃዱ ከአህያው ዘሎ ወርዶ ፊቱ ሮጦ አሳየው። ሐምዳን ጭነቱን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያ እስኪደክመው ሳቀ። የማነከሱ ነገር በዚያ አበቃ።

ሣሩ ከራሳችን በላይ ነበር። ጫማዬ ተበጠሰ፤ የሐምዳን እህት ቤት ስናርፍ ሴትየዋ የራሷን በረባሶ አውልቃ አጠለቀችልኝ። ከማሽላ የተሠራ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ባሚያው እንደ ክር ይጎተታል። ፈቃዱ ሲያነሳው ያመልጠዋል፣ ሲያነሳው ያመልጠዋል፤ ሴትየዋ እንደ ሕፃን በእጇ አጎረሰችው። ጥቁር ልብሴን እየነካች በምልክት ስትጠይቀኝ አሁንም ሰው ሞቷል ለማለት አፈርኩና ልብሴን ቀየርኩ። የለበስኩት እሷ የሰጠችኝን ቢጫ ሽርጥ ነው፤ እስከ ዛሬ አለኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሐምዳን አንድ የደረቀ ጅረት ውስጥ ቆመና በበትሩ ወዲያኛውን ዳር አመለከተ። «ያ ሱዳን» አለ። እኔ የጠበቅኩት ሽቦ ነው፣ ግንብ ነው፣ ቢያንስ ድንጋይ። ያው ሣር፣ ያው አፈር ነበር። ተሻገርን። ልዩነቱ ይሰማኝ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተመለስኩ።

ፈቃዱ ክንዴን ጨምድዶ ጎተተኝ። «ምን ረስተሽ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ጮኾብኝ አያውቅም። ምንም እንዳልረሳሁ፣ ለማየት ብቻ እንደሆነ ስነግረው ይዞኝ ቆሞ ቀረ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ስለ ኳስ ይጠይቃቸው የነበረውን ልጅ ስም አንድም ቀን ሳይጠይቀው እንደቀረ ነገረኝ። ሐምዳን አህያውን ይዞ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ጠበቀን።

ማዶ

ከመንደር መንደር እየተቀበሉን በጭነት መኪና ዳማዚን የሚባል የሱዳን ከተማ ገባን። እዚያ ቀድመውን የተሰደዱ ሐበሾች ነበሩ። አንድ አዛውንት፣ አቶ ገብሬ የሚባሉ፣ ምንና ምን ናችሁ ብለው ጠየቁን። ፈቃዱ ልንጋባ ነው የመጣነው አላቸው። በየትኛው ሃይማኖት ሲሉን ተያየን። ኮልፌ ቢሆን ይሄ ጥያቄ ሁለት ቤተሰብ ለዓመት ያኳርፍ ነበር። አቶ ገብሬ ራሳቸው መለሱት፤ እሳቸው አባታችን ሆይ ሊደግሙልን፣ እዚያ ያሉት የኔ ቤተ እምነት ሰዎችም ሊጸልዩልን፤ የቱ ትክክል እንደሆነ እግዜር ይለየዋል አሉ።

እሑድ ቀን በአንድ የሸራ ዳስ ሥር ተጋባን። የሱዳን ጎረቤቶች ሻይና ፉል አመጡ። መዝሙር ሲጀመር እኔ እንደለመድኩት በሹክሹክታ ገባሁ። ከፊቴ ያለችው ሴት ዞራ «ምን ሆንሽ፣ ታመሻል?» አለችኝ። ድምፄን ለቀቅኩት። ይሄን ያህል ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ፈቃዱም ደንግጦ አየኝ። መዝሙሩን ስለማያውቀው ያጨበጭብ ነበር፣ ያውም ከምቱ ውጪ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ገብሬ ባዋሱን ጎጆ በር ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ፀሐይዋ ገና በማለዳ ታቃጥላለች። ፈቃዱ ከነቃ ጀምሮ መንገድ መንገዱን ያያል፤ ምን ሆንክ ስለው፣ ወታደር ቤት ጠዋት ጠዋት የዕለቱ ትእዛዝ ይነበብ ነበር አለኝ። ዛሬ ምን እንሥራ ብዬ ጠየቅኩት።

 «የፈለግነውን» አለ።

ሁለታችንም ምን እንደምንፈልግ አናውቅም ነበር። ስለዚህ ገበያውን ለማየት ወጣን።